የበሩ ቀለም

ዳርሊንግተን፣ ከጣራ ሥር፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት፤
ሴድሪክ ኦልሮይድ ወረንጦ ጨብጧል፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እጁ እንዳይነቃነቅበት።
ዓለምን ለሰባ ስድስት አካፍሎ
ድርሻውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷል፣ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ቸክሎ፤
ሃግቤክን፣ ያቺን የገጠር ጣቢያ፣
የዛሬዋን የበግ መዋያ፣
ሐዲዷ ተነቅሎ በኪሎ ከተሸጠ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣
ከእሱና ከእኔ በቀር ጠያቂ የሌላት።

እኔ ፉርጎ ሠሪ ነኝ። ፉርጎ ጣጣ የለውም፤
ቡናማ ቀብተህ ጥቂት ካቆሸሽከው፣ ማንም አይመረምርህም።
ሴድሪክ ግን የጭስ ማውጫዋን ጡብ ከፎቶ ላይ ቆጥሮ፣
አንድ ቢጎድልበት ያፈርሳል፣ የወር ሥራውን፣ ከሥሩ ጀምሮ።

ባለፈው ክረምት የጠፋችብን አንዲት ባለ ዐሥር ዘንግ ጎማ ነበረች፣
ከአተር ብትሰፋ ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰች።
ሠሪዋ ሞቷል፤ ልጁ ቅርጽ ማውጫውን ከነዝገቱ ጥሎታል።
ከስቶክተን እስከ ክሩ፣ በየደብሩ አዳራሽ፣ በየቅዳሜው ገበያ ዞረንላታል።
ጠረጴዛ ሥር ካርቶን፣ ካርቶን ውስጥ የብስኩት ቆርቆሮ፣
ቆርቆሮ ውስጥ የአንድ ሟች ዕድሜ፣ ብሎን በብሎን ታጭቆ፣ ሽቦ በሽቦ ተቋጥሮ።
«ሁሉንም በአምስት ፓውንድ ውሰዱልኝ» ትላለች ባልቴቷ፤
ስንከፍል ዓይን ለዓይን አንተያይም፤ የእኛም ቆርቆሮ እዚህ ናት መጨረሻ ቤቷ።
ጎማዋን ክሩ አገኘናት፣ ከሕፃን የወተት ጥርስ ጋር በአንድ ብልቃጥ ተዘግታ።
ጥርሱን መለስን። ሴትዮዋ በመዳፏ ይዛው ቀረች፣ ብዙ ቆየች፣ በዝምታ።
ከዚያ በዝናብ ቆመን የእውነቱን ባቡር ጠበቅን፤
አርባ ደቂቃ ዘገየብን።

በሩስ?
የትኬት ክፍሉ በር፣ በዚያ በጋ፣ ምን ዓይነት ቀለም ነበር?
ፎቶው ሁሉ ጥቁርና ነጭ፤ ግራጫ በር፣ ግራጫ አጥር፣
ግራጫ ጽጌረዳ።
«አረንጓዴ ነው» ያለ አለ፤ «ክሬም ነው» ያለ አለ፤
ሁለት ሽማግሌ በዚህ በር ተኳርፈው ሦስት ፋሲካ አለፈ።
የሴድሪክ ሚስት፣ «ክፍት አድርገህ ሥራው እንጂ! ማን ሊያየው ቀለሙን?» አለችው።
ሳቅን። እሱ አልሳቀም፤ የቀለም ሰው ነው፣ ቀለም ቆጥሮ የሚያድረው።

ለሙሪየል ቴይት ጻፈ፤ የጣቢያው ኃላፊ ልጅ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ፣
ከሃግቤክ ንቅንቅ አላለችም፤ እዚያው ናት፣ ከልጅነት ቤቷ።
መልሷ በፖስታ መጣ፣ ከጥፍር የሳሳ ቅርፊት ይዞ፦
«አባቴ የዶሮ ቤታችንን የቀባው ከጣቢያው በተረፈ ቀለም ነው፤
‹ተረፈ› የሚለው እሱ ነው፣ እናቴ የምትለው ሌላ ነው።»
በአጉሊ መነጽር አየነው፤ ነጭ አለ፣ ግራጫ አለ፣
ከሁሉ ሥር የተቀቀለ ቀይ ሥር መሰለ።
አረንጓዴም ክሬምም አይደለ።
ሁለቱ ኩርፈኞች ታረቁ፤ አብረው ዶሮዎቹን አኮረፉ።

በሚያዝያ ራሷ መጣች። ሃያ ሁለቱን ደረጃ በከዘራ ወጥታ
ወደ ሃግቤክ አጎነበሰች፤ አየች፣ አየች፣ መነጽሯን ገፍታ።
«በሩስ እሱ ነው» አለች። «አባቴ ግን እዚህ አይቆምም ነበር።
ጭሱ ያስለዋል። ባቡር ሲመጣ ከበሩ ውስጥ ነው፣ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ፣ እስኪያልፍ ድረስ።
ባንዲራዋን የማውለበልበው እኔ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።
ለማንም አትንገሩ።»

ሴድሪክ ቃል አልተነፈሰም። ወረንጦውን አነሳ፣
አባቷን ከመድረኩ ነቀለ፤ ሙጫው ቀጭ አለ።
በሩን ወደ ውስጥ አጠፈው፣
ሰውየውን ደፉ ላይ አቆመው።
ቀለሙ አሁን አይታይም።
ሚስቱ ከደረጃው ግርጌ ሆና እስካሁን ትስቃለች።

ቅዳሜ ስቶክተን እንወርዳለን፣ ሰማዩ ቢከፋም ባይከፋ።
የምንፈልገው፦ ሴት ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ቁመቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፣
ቀኝ እጇ የተነሳ።